ከብት፣ ሣርና አፈር፦ ስለ ደረቅ የግጦሽ ምድር የቀረበ ትምህርት



ስለ ቆላው የግጦሽ ምድር ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ፍርዶች ይሰማሉ። አንደኛው «መሬቱን ያራቆተው የከብቱ ብዛት ነው፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን ቢቀንስ አፈሩ ይድናል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ጥፋቱ የዝናቡ ነው እንጂ የከብቱ አይደለም፤ ዝናብ ከጣለ ሣሩም አፈሩም ይመለሳል» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ለብቻው ሲቆም ያሳስታል። ከተሳሳተ ፍርድም የተሳሳተ መድኃኒት ይወለዳል። ለተጠማ ሕዝብ በቅን ልቡና የተቆፈረ ኩሬ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያው ያለውን ሣር አጥፍቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ለአርብቶ አደሩ ብቻ ሳይሆን እርሱን ለመርዳት ለሚነሣ ሁሉ የሚያስፈልግ ትምህርት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ዝናብ ወደ አፈር እንዴት እንደሚገባ፣ ቀጥሎም ከብት በአፉ፣ በሰኮናውና በእበቱ በአፈር ላይ ምን እንደሚሠራ እንመለከታለን። ከዚያም በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘውን የቦረናን ምድር ምሳሌ አድርገን ነገሩ በሕዝብ ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚገለጥ እናያለን። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ በደረቅ ምድር አፈርን የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው የከብቱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከብቱ በአንድ ቦታ የሚቆይበት ጊዜና ሣሩ የሚያገኘው ዕረፍት ነው፤ ይህን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ በአብዛኛው የውሃው ሥፍራ ነው።

1. ዝናብ ወደ አፈር የሚገባው እንዴት ነው?

በደረቅ አገር ዋናው ጥያቄ «ስንት ዝናብ ጣለ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «ከጣለው ዝናብ ስንቱ ወደ አፈር ገባ?» የሚለውም ነው። በሁለት ጎን ለጎን ባሉ መስኮች ላይ እኩል ዝናብ ጥሎ አንዱ ሲለመልም ሌላው ደርቆ ሊቀር ይችላል።

ጤነኛ አፈር ዱቄት አይደለም። ጥቃቅን ቅንጣቶቹ በሣር ሥር፣ በብስባሽና በዓይን በማይታዩ ሕያዋን አማካይነት እየተያያዙ እንደ ፍርፋሪ ጓል ሆነው ይኖራሉ፤ በጓሎቹ መካከል ውሃና አየር የሚተላለፉባቸው ክፍተቶች አሉ። በላዩ ሣርና የወደቀ ገለባ ሲኖር፣ የዝናቡ ጠብታ ኃይሉን በቅጠሉ ላይ ያበርድና ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ሽፋኑ ሲገፈፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠብታው እርቃኑን በቀረው አፈር ላይ በቀጥታ እየወደቀ ጓሉን ይበትነዋል፤ የተበተነው ደቃቅ አፈር ክፍተቶቹን ይደፍናል፤ ፀሐይ ሲመታውም ስስ ግን ጠንካራ ቅርፊት ይሆናል። የሚቀጥለው ዝናብ በዚህ ቅርፊት ላይ ሲያርፍ አብዛኛው ሳይሰርግ በጎርፍነት ያልፋል፤ ሲያልፍም ለምነት የሞላበትን የላይኛውን አፈር ይዞ ይሄዳል። ዘሩ በእርጥበት ማጣት አይበቅልም፤ ሣር ባለመብቀሉ መሬቱ ይበልጥ ይራቆታል። በዚህ ዓይነት በቂ ዝናብ በጣለበት ዓመት እንኳ ሣሩ በድርቅ ላይ እንዳለ ሆኖ ይኖራል።

2. ሦስቱ የከብት ሥራዎች

ሀ) አፉ። ሣር እንደ ዛፍ ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ አጠገብ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ካለው ቦታ ያድጋል። ስለዚህ ጫፉ ቢበላ አይሞትም፤ እንዲያውም ያረጀው ቅጠል ሲነሣለት አዲሱ ብርሃን አግኝቶ ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ለዚህ መጠን አለው። ፍራንክሊን ክራይደር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ የሣሩ ቅጠል ከግማሽ በላይ በተቆረጠ ጊዜ የሥሩ እድገት እንደሚገታ አሳይቷል። ምክንያቱም ሥሩን የሚመግበው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ሳያገግም ደግሞ ደጋግሞ ከተበላ ሥሩ ያጥራል፤ ያጠረ ሥር ከጥልቁ ውሃ መሳብ ስለማይችል በመጀመሪያው ደረቅ ወር ይጠወልጋል። የአፈሩን ጓል አያይዞ የሚይዘውም ይኸው ሥር ስለሆነ፣ ከመሬት በላይ የሚታየው ግጦሽ ከመሬት በታች የማይታየውን አፈር ይነካዋል ማለት ነው።

ለ) ሰኮናው። የላሟ ክብደት በሙሉ በጥቂት ጠባብ ሰኮናዎች ላይ ያርፋል፤ ስትራመድም አንዱ እግር በተነሣ ቁጥር ጫናው በቀሩት ላይ ይበረታል። አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ በተለይም ጥቁሩ ዋልካ፣ ሰኮናው ክፍተቶቹን ጨፍልቆ ይጠቀጥቀዋል፤ ውሃ የሚሰርግባቸው ቀዳዳዎችም ይዘጋሉ። አፈሩ ደረቅና አሸዋማ ሲሆን ደግሞ ጓሉ ይፈጭና አቧራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚወስደው ነፋስ ነው። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ መዳፍ ስላለው ከከብት ሰኮና ያነሰ ጫና ያሳርፋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ምሁራን ሲከራከሩ ቆይተዋል። የዚምባብዌው ተወላጅ አለን ሴቨሪ፣ ብዙ ከብት በአንድነት ተጠጋግቶ ለአጭር ጊዜ ቢግጥና ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ቢነዳ፣ ሰኮናው የአፈሩን ቅርፊት ሰብሮ ዘርንና ውሃን ያስገባል፣ ምድረ በዳም ይለመልማል ሲል አስተምሯል። ይህ ትምህርት በብዙ አገሮች ተከታዮች አሉት። በሙከራ መስኮች ላይ የተደረጉ አብዛኞቹ ጥናቶች ግን የከብት ጥቅጠቃ የውሃን ስርገት እንደሚቀንስ እንጂ እንደሚጨምር አላሳዩም። ከዚህ ክርክር ልንይዘው የሚገባን፦ ሰኮና በራሱ መድኃኒት አይደለም፤ የተጠቀጠቀውን አፈር የሚፈታው የሣር ሥር፣ ምስጥና ሌላው የአፈር ሕያው ሁሉ ነው፤ እነዚህም ሥራቸውን ለመሥራት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል።

ሐ) እበቱ። ከብት ከበላው ንጥረ ነገር አብዛኛውን በእበትና በሽንት መልሶ ለመሬት ይሰጣል። እበቱን ወደ አፈር የሚያስገቡት በተለይ እበት የሚያንከባልሉና የሚቀብሩ ጥንዚዛዎች እንዲሁም ምስጦች ናቸው። የእነዚህን ትናንሽ ሠራተኞች ዋጋ ለመረዳት የአውስትራሊያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እዚያ አገር ከብት የገባው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው፤ የአገሩ ጥንዚዛዎች የካንጋሮን ደረቅ በጠጥ እንጂ የከብትን እርጥብ እበት የለመዱ ስላልነበሩ፣ እበቱ በየሜዳው እየደረቀ ሣሩን ሸፍኖ ዝንብ ያፈላ ነበር። በመጨረሻም ከ1960ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ከአፍሪካና ከሌሎችም አገሮች ጥንዚዛዎችን አስመጥቶ ለቀቀ።

ይሁን እንጂ እበት የሚወድቀው ሣሩ በተበላበት ቦታ ሁሉ እኩል አይደለም። ከብቱ ቀን በሰፊው ሜዳ ይግጣል፣ ሌሊት ግን በበረት ያድራል። ስለዚህ ለምነት ከሜዳው ተለቅሞ ወደ በረት ይጓዛል። ሰፈሩ በየጊዜው ከተዛወረ አሮጌው በረት ለም ቦታ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኬንያ ከ1,500 ዓመታት በፊትና ከዚያም ቀድሞ ከብት አርቢዎች የሰፈሩባቸው ቦታዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዙሪያቸው ካለው መሬት ይልቅ ለም ሆነው እንደሚገኙ ገልጿል። ሰፈሩ ሳይዛወር በአንድ ቦታ ከጸና ግን፣ ፍጉ በበረት ውስጥ ይከመራል፣ ሜዳውም እየመነመነ ይሄዳል።

እንግዲህ ሦስቱንም ሥራዎች ስናነጻጽር አንድ ነገር ይደጋገማል። አፉ ሣሩን የሚጎዳው ዕረፍት ሲነሣው ነው። ሰኮናው አፈሩን የሚያደነድነው ሲመላለስበት ነው። እበቱ የሚባክነው በአንድ ቦታ ሲከማች ነው። በሦስቱም ውስጥ ዳኛው ጊዜ ነው።

3. ውሃውና ክቡ

ከብት ከውሃ ርቆ ለብዙ ቀን መኖር ስለማይችል፣ የግጦሹን ካርታ የሚሥለው የውሃው ቦታ ነው። ላንግ የተባለው የአውስትራሊያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በእያንዳንዱ የውሃ ቦታ ዙሪያ እንደ ቀለበት ተደራርቦ የሚታየውን የጉዳት ክብ አጥንቶ ስም አውጥቶለታል። ምክንያቱን በቀላል ስሌት መረዳት እንችላለን። ከውሃው እስከ 1 ኪሎ ሜትር ያለው ክብ ስፋቱ 314 ሄክታር ያህል ነው፤ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ያለው ደግሞ መቶ እጥፍ፣ ማለትም 31,400 ሄክታር ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ በሰፊው ክብ ውስጥ የሚግጥ ከብት ሁሉ፣ ለመጠጣት በመጣ ቁጥር በትንሹ ክብ ውስጥ ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ በአካባቢው ሣር ሞልቶ ሳለ የውሃው ዳር ሊራቆት ይችላል።

ከመቶ ሺህ ሊትር ውሃ ይልቅ ያ ውሃ ለስንት ወር ይቆያል የሚለው ጥያቄ የሚበልጠውም ለዚህ ነው። በዝናብ ወራት ብቻ ውሃ የሚይዝ ጉድፍ፣ ሲደርቅ ከብቱን ያሰናብታል፤ ሣሩም ያርፋል። ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ውሃ ግን ከብቱን ዓመቱን ሙሉ ያቆያል።

በሌላ በኩል፣ ኤሊስና ስዊፍት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ኬንያ የቱርካናን ምድር መሠረት አድርገው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ እጅግ ደረቅ በሆነና ዝናቡ በሚዋዥቅበት አገር የሣሩን መጠን የሚወስነው ከከብቱ ቁጥር ይልቅ ዝናቡ ነው፤ ድርቁ ራሱ ከብቱን ስለሚቀንሰው ከብት ሣሩን ለመጨረስ እምብዛም አይበቃም ብለዋል። ይህ አስተያየት በአርብቶ አደሩ ላይ በችኮላ የሚሰጠውን ፍርድ አርሟል። ከእነርሱ በኋላ የጻፉ ሌሎች ምሁራን ግን አንድ ማሳሰቢያ አክለዋል፦ በደረቁ ወራት ከብቱ ሁሉ የሚሰበሰብባቸው የውሃ ዳሮችና ረግረጋማ ቦታዎች ከዚህ ሕግ ውጪ ናቸው፤ እነርሱ በከብት ሊጎዱ ይችላሉ።

4. የቦረና ምስክርነት

የቦረና ምድር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ «ገና» የተባለው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሀገያ» የተባለው አጭሩ ዝናብ ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ይጥላል። በመካከላቸው ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። ሕዝቡ ከዚህ ጋር የሚስማማ ሥርዓት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

በመጀመሪያ፣ መንጋው ለሁለት ይከፈላል። «ዋራ» የተባለው የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች ያሉበት መንጋ በሰፈሩ አቅራቢያ ይቆያል። «ፎራ» የተባለው የደረቁ ላሞች፣ የወይፈኖችና የበሬዎች መንጋ በጎልማሶች እየተመራ ወደ ሩቅ ይነዳል። በዚህ ሁኔታ በሰፈሩ ዙሪያ ያለው አፈር ከሚሸከመው በላይ አይጫንበትም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የደረቁ ወራት ውሃ የሚቀዳው «ቱላ» ከሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች ነው። ውሃው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲውን እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየተመሩ ነው። እያንዳንዱ ኤላ ባለቤት የሆነ ጎሣ አለው፤ በየዕለቱ የማጠጣቱን ተራ የሚያስከብር «አባ ሄረጋ» የሚባል ኃላፊም አለው። በደረቁ ወራት ከብቱ በየቀኑ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ ገደማ እየጠጣ ይቆያል፤ ይህም ከውሃው ራቅ ወዳለው ሣር ለመድረስ ያስችለዋል። ዝናብ ሲጥል ኤላዎቹ ይተዋሉ፤ ከብቱም በየሜዳው በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ እየተጠቀመ ከኤላዎቹ ይርቃል። ያን ጊዜ በኤላዎቹ ዙሪያ ያለው ሣር ያርፋል፣ ይበቅላል፣ ዘር ይጥላል። የውሃ ማውጣቱ ድካም ራሱ የመንጋውን ብዛት ይገድብ እንደነበርም ልብ ማለት ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች «ካሎ» የሚባል የታጠረ ግጦሽ ይጠበቃል። የግጦሽና የውሃ ሕግጋትም በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ይታያሉ፣ ይታደሳሉ።

ይህ ሥርዓት በሃያኛው ምዕተ ዓመት የመጨረሻ ሩብ ከባድ ፈተና ገጠመው። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በልማት ፕሮጀክቶች አማካይነት በማሽን የተቆፈሩ ትላልቅ ኩሬዎች፣ ቀድሞ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጡ በነበሩ ሜዳዎች ላይ ተሠሩ። በያቤሎ አካባቢ የሚገኘው ዲዳ ሀራ ለዚህ ይጠቀሳል። የታሰበው መልካም ነበር፤ ውሃው ግን ሰፈራን ጠራ፣ የዝናብ ወራት ግጦሽ የነበረው መሬት ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሆነ፣ ዕረፍቱም ጠፋ።

በተመሳሳይ ዘመን አሮጌውን ሣር በእሳት የማቃጠል ልማድ በመንግሥት ተከለከለ። አርብቶ አደሩ እሳቱን ይጠቀምበት የነበረው ለአዲስ ሣር ብቻ ሳይሆን፣ የሾህ ቁጥቋጦ ቡቃያን ለማጥፋትና መዥገርን ለመቀነስም ነበር። እሳቱ ሲቀር፣ የማያርፈው ሣርም ሲሳሳ፣ የተለያዩ የግራር ዓይነቶች ሜዳውን ወረሩት። ቁጥቋጦው በጥልቅ ሥሩ ውሃ ስለሚስብ ይጸናል፤ በመካከሉ ያለው አፈር ግን ተራቁቶ ቅርፊት ይይዛል፣ ቦረቦርም ይቆረጥበታል። እርሻና የግል አጥር እየተስፋፉ በመሄዳቸውም መንጋው የሚዘዋወርበት መሬት ጠበበ። ብዙ ቤተሰቦች ቁጥቋጦ የሚበሉትን ግመልና ፍየል ማብዛታቸው ከዚህ ለውጥ ጋር ራሳቸውን ያስማሙበት መንገድ ነው።

ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ቦረናም ከሁሉ ይበልጥ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ይህን ድርቅ ያመጣው ከብት አይደለም፤ ማንኛውም የግጦሽ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ ሊከላከለው አይችልም ነበር። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ድርቅ በኋላ ሣሩ በፍጥነት ይመለስ ወይም አይመለስ የሚለውን የሚወስነው፣ ከድርቁ በፊት አፈሩ የነበረበት ሁኔታ ነው። ሥር የቀረበት አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ይቀበላል፤ ቅርፊት የያዘው ግን ለጎርፍ አሳልፎ ይሰጠዋል።

5. ምን እናድርግ?

ከላይ ከተባለው የሚከተሉት ተግባራዊ ምክሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ውሃ ከመቆፈሩ በፊት ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ይህ ቃል በተለይ ለበጎ አድራጊዎች፣ ለቁምስናዎችም ጭምር ነው። «ይህ መሬት በየትኛው ወቅት ይጋጣል? የሚያርፈውስ መቼ ነው? ውሃው ሲገኝ ማን ይሰፍርበታል? በሩን የሚዘጋውና የሚከፍተው ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ኩሬ መቆፈር፣ ምጽዋቱን ወደ ጉዳት ሊለውጠው ይችላል። ብዙ ጊዜ ከአዲስ ኩሬ ይልቅ አሮጌውን ኤላ መጠገን ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የተራቆተ መሬት ከዝናብ በፊት ይከለልና ሣሩ ዘር እስኪጥል ድረስ ይረፍ። ሆኖም ክልከላው ለዘለዓለም መሆን የለበትም፤ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቀረ መሬት አሮጌ ሣር ያፍነዋል፣ ቁጥቋጦም ሊወርረው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በዝናብ ሰሞን ዋልካው ሲርስ ከብቱ ወደ አሸዋማውና ወደ ከፍታው ይውጣ፤ የረጠበ አፈር እስኪጠነክር ድረስ ከሰኮና ይጠበቅ።

አራተኛ፣ የመንጋውን መዘዋወር እንደ ኋላ ቀርነት የሚቈጥር አነጋገር ከመካከላችን ይወገድ። መዘዋወር የአፈሩ ዕረፍት ነው፤ ሊረዳ የሚገባው እንጂ ሊነቀፍ የሚገባው አይደለም።

6. የመስክ ልምምድና የውይይት ጥያቄዎች

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያደርጉት የሚችሉት ልምምድ ይህ ነው። ሁለት ጫፉ የተከፈተ አንድ ባዶ ጣሳ አዘጋጁ። በካሎ ውስጥ ሣር ባለበት መሬት ላይ ጥቂት አጥብቃችሁ ትከሉትና አንድ ኩባያ ውሃ ጨምሩበት፤ ውሃው እስኪሰርግ ድረስ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። ከዚያም ከብት በሚመላለስበት መንገድ ላይ ይህንኑ ድገሙ። ቀጥሎም ከሁለቱም ቦታ አንዳንድ ደረቅ የአፈር ጓል ወስዳችሁ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አኑሩ፤ ሥርና ብስባሽ ያለበት ጓል ይጸናል፣ የተራቆተው ቶሎ ይፈርሳል። ያያችሁትን ከሽማግሌዎች ፊት አቅርባችሁ ተነጋገሩበት። ለመነሻ ያህልም እነዚህ ጥያቄዎች ይረዱ፦

— በአካባቢያችን ቀድሞ በየወቅቱ ያርፍ የነበረ፣ አሁን ግን የማያርፍ ግጦሽ የትኛው ነው? ዕረፍቱን ያጣው በምን ምክንያት ነው?

— ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሠሩት የውሃ ቦታዎች በዙሪያቸው ያለውን ሣር እንዴት ለወጡት? ውሃው ለስንት ወር ይቆያል?

— ቁጥቋጦ የወረረው ሜዳ ቀድሞ ምን ዓይነት ሣር ነበረው? ስሙን የሚያውቁት እነማን ናቸው?

— ዘንድሮ አንድ ግጦሽ ለአንድ የዝናብ ወቅት ለማሳረፍ ብንስማማ፣ በዚያ ጊዜ ጥሪቱ ያነሰው ቤተሰብ ከብቱን የት ያሰማራል?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ምክንያቱም ለአፈሩ የሚሰጠው ዕረፍት ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም ድኻው ብቻውን ሊከፍል አይገባም። ሽማግሌዎቹ ከዚህ በፊት ይህን ጥያቄ እንዴት ይፈቱት እንደነበር ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።